በሻጋታ ላይ የተቀባ ሲሊኮን

አንድ ሰው ነበረ። አትቁነጥነጥ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ይቅርታ ጠይቄያት እስከዳር ከእናቷ ቤት ለምን አልመለስም አለች?» አይደል ያልከኝ? እንግዲያው ቁጭ በልና ስማኝ።

ይህ ሰው ኮንዶሚኒየም ላይ ይኖራል። ከሥሩ ደግሞ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ትኖራለች። የሰውየው የመታጠቢያ ገንዳ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ያለው ማሸጊያ ሲሊኮን አርጅቶ፣ ጠቁሮ ተላቅቋል። ሰውየው ገላውን በታጠበ ቁጥር ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ ሴትዮዋ ሳሎን ውስጥ ይንጠባጠባል።

«ኸረ ጎረቤት፣ ቤቴን አበሰበስከው!» ትለዋለች። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይደነግጣል። ሮጦ ሲሊኮን ይገዛና በጥቁሩ ላይ ነጩን ይለጥፋል። በጣቱ ያለሰልስና ራቅ ብሎ አይቶ «እሰይ!» ይላል። ብዙም ሳይቆይ ነጩ ይላጣል። እሱም እንደገና ይለጥፋል። ሚስቱ «አሮጌውን መጀመሪያ ብትፍቀው ምናለበት?» ስትለው፣ «የቆየ ነገር መነካካት ምን ያደርጋል?» ይላታል። ጠርዙ እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ፤ ውሃው ግን መንገዱን አልሳተም።

በኋላ ለሴትዮዋ ልጅ ሽማግሌ ተላከ። የልጅቷ አጎት ኮስታራ ነው፤ ከመጀመሪያውም ነገሩን አልወደደውም። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ተነስቶ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን...» ከማለቱ፣ ጠብ! መላጣው ላይ። ፈቀቅ አለ። ጠብ! እናትየው በሃፍረት ፊቷን ሸፈነች፣ ልጅቷ ጓዳ ሆና አለቀሰች። አጎትየው ብድግ አለና፣ «ይሄ ደግ ምልክት አይደለም፤ ነገሩ ይቅር» አለ።

«የምን ምልክት? ሻወር ነው!» አለ ሽማግሌው፤ ደረጃውን ወጣ።

ሰውየው ፎጣ አገልድሞ፣ ጆሮው ላይ ሳሙና እንዳለ በሩን ከፈተ። ሽማግሌው ሰላምታም አልሰጠው፤ ቢላ ተቀበለና ነጠላውን ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ ከገንዳው ሥር ተንበረከከ። ፋቀው። የወጣውን ጉድ ብታይ! ሻጋታ፣ ፀጉር፣ ዝቃጭ፣ ሽታው ደግሞ አይጣል ነው። ሰውየው አፍንጫውን ይዞ፣ «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አለ።

«ታዲያ የኔ ነው?»

ጠርዙን አጥቦ፣ በጨርቅ አደረቀና፣ «በደንብ ሳይደርቅ አዲሱን እንዳትነካ፤ እስከዚያ እህትህ ቤት ሄደህ ታጠብ» አለው። ሰውየው እንደተባለው አደረገ፤ ከዚያ ወዲያ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሽማግሌውም በዚያው በጠቆረ እጁ ወርዶ ካቆመበት ቀጠለ፦ «ልጃችሁን ለልጃችን።» አጎትየው እጁን አይቶ ሳቁ አመለጠው። የሳቀ ሰው ደግሞ ልጅ አይከለክልም።

ሽማግሌው እኔ ነኝ። ልጅቷ እስከዳር ናት። አንተ በደንቡ መሠረት ቤት ሆነህ ስትጠብቅ ረጥቤ መጣሁ። «ምን ነካህ ጋሼ?» ብትለኝ «ዝናብ» አልኩህ። በታኅሣሥ! አንተም አመንከኝ፣ ጅል!

እንግዲህ ያ ሰውዬ አንተ ነህ። ቀሚስ ገዛህላት፣ ሻሽ ገዛህላት፣ «ይቅርታ፣ በቃ እንርሳው» አልካት። የአባቷን ሙት ዓመት ትተህ ኳስ ልታይ መሄድህን ግን አንድ ቀን በአፍህ ጠርተኸው ታውቃለህ? «እንዳላስለቅሳት ፈርቼ ነው» አልክ? ታልቅስ! ሲፋቅ ይሸታል። ያኔ አፍንጫህን እንዳትይዝ፣ «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» እንዳትል፤ ያንተ ነው። ነግረሃት ስታበቃም እዚያው «ተነሺ እንሂድ» አትበላት፤ እስኪደርቅ ታገስ።

በል ተነስ፣ ይሄን አዲስ ቀሚስም እዚሁ ተወው። ምን ታየኛለህ? ብቻህን ነው የምትሄደው፤ እኔ ላንተ ብዬ አንዴ በስብሻለሁ።