ኤሊ አጋፋሪና የቅንፍ መንደር ተራ

ተረት መጣ፣ በር ክፈቱለት! ትንሽ ውሸት በጀርባው ቢያዝልም አታባሩት፤ የመጣበት መንገድ ሩቅ ነው።

ድሮ ነው አሉ፤ ድንጋይ ዳቦ መሆኑ ቀርቶ ኮምፒውተር አገር በሆነበት ዘመን፣ በአንዲት ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሊስፕ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ መንደር ነበረ። የመንደሩ አጥር ሁሉ ቅንፍ ነው። ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ፣ እሱም በሌላ ቅንፍ ውስጥ። አንድ ቁጫጭ ጎረቤቱን «እንደምን አደርክ» ሊል ማለዳ ወጥቶ፣ ስንቱን ቅንፍ ከፍቶ ስንቱን ዘግቶ ሲደርስ፣ ጎረቤትየው አርጅቶ፣ ሞቶ፣ ተዝካሩ ወጥቶ ያገኘዋል። አልጨመርኩም፤ እንዲያውም ቀንሼ ነው።

የመንደሩ እመቤት ያምሮት ትባላለች፤ ፕሮግራም ሠሪ ናት። ነዋሪዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ወደ መንደሩ አዳራሽ ሲገቡ ፕሮግራሟ ነፍስ ይዘራና ወፍጮ ቤት ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ተራውን ይነግራል። እሜቴ ቁራ ለነገር ሁሉ ስም ታወጣለች፤ አያ ጉንዳን ስም የወጣለትን ይቆጥራል፤ አያ ጉሬዛ ነጭ ካባውን አጥልቆ የተቆጠረውን ለሕዝብ ያሳያል። በር ላይ ቆሞ የሚያስገባቸው አጋፋሪው ኤሊ ነው። «ጉንዳን ግባ! ጉሬዛ ግባ! ቁራ ግቢ!» እያለ ስንት ዘመን ሲጠራ አንድም ቀን ነገር ተበላሽቶበት አያውቅም።

አንድ ቀን ያምሮት አጥፍታው የማታውቀውን ኮምፒውተሯን አጥፍታ አበራችው። አዳራሹ ተጠረገ፤ ነዋሪው ሁሉ ደጅ ተገኘ። ኤሊም እንደ ልማዱ «ጉንዳን ግባ!» አለ።

ጉንዳን ገባ። ቆመ። ዙሪያውን አየ።

«ቁጠር እንጂ!»

«ምኑን?»

«ትናንት የቆጠርከውን!»

«ትናንትማ ስም ነበረው። ዛሬ… አንድ እንትን፣ ሁለት እንትን…»

ጉሬዛ ተከትሎ ገባና ወፍጮ ቤት ለቆመው ሕዝብ «እንትን፣ ተራዎ ደርሷል!» ብሎ አወጀ። ሕዝቡ በሙሉ እንትን እኔ ነኝ ብሎ ባንዴ ተነሣ። በግፊያው የቦነነው ዱቄት ጨረቃን አነጣት፤ እስከ ዛሬ አልታጠበችም።

«አንተ ኤሊ! ምን ነካህ?» ብላ ጮኸች ያምሮት።

«እመቤቴ፣ ጠሪው የትናንቱ፣ ተጠሪው የትናንቱ! ምኑ እንደተለወጠ እኔም አልገባኝ!»

«ሁለት ዕድል ሰጥቼሃለሁ። ከዚያ እደመስስህና ሌላ አጋፋሪ አመጣለሁ።»

መደምሰስ እኮ እንደ መሞት አይደለም፤ የሞተ እንኳ ተወልዶ ነበር ይባልለታል። ኤሊ ሁሉንም ደጅ ሰበሰበና «ከእናንተ በፊት ማን ይግባ?» ሲል ጠየቀ።

«አያ ጉሬዛ ይቅደሙ!» አለ ጉንዳን። «ባለካባ ቆሞ እኔ ልግባ?»

«በሞቴ! እሜቴ ቁራ እያሉ?» አለ ጉሬዛ።

«አይሆንም፣ ልጄ ጉንዳን ይቅደም፤ ኋላ ይረገጥብናል» አለች ቁራ።

ኤሊ ወደ ጉንዳን ዞረ። «አያ ጉሬዛ ይቅደሙ አልኩ እኮ!» ወደ ጉሬዛ ዞረ። «ኧረ እሜቴ ቁራ!» ወደ ቁራ ዞረ። «ጉንዳን ይግባ ብያለሁ!» ሲዞር፣ ሲዞር፣ ድንጋይ ልብሱ ጋለ፤ ቆሎ ቢያምሱበት ይበስል ነበር። የገባ ግን የለም።

«አንድ ቀረህ» አለች ያምሮት።

ኤሊ ራሱን ወደ ልብሱ ስቦ አሰበ። ምንም አልገባውም። ደግሞ አሰበ። ያው ነው። «ወይ ጉድ፣ ይሄ ልብስ ባይኖር ደግሞ የት እደበቅ ነበር?» አለና ያቺው «ባይኖር» ያላት ቃል አበራችለት። ከዚያ ራሱን ብቅ አደረገ።

«ክብሩን ለሠርግ አቆዩት። ማን ይቅደም አልልም። ማን ከሌለ ትወድቃላችሁ?»

ጉሬዛ ካባውን ሳብ ሳብ አድርጎ «እንግዲህ… ጉንዳን ካልቆጠረ የማሳየው የለኝም» አለ።

«አንተስ፣ አያ ጉንዳን?»

«እኔ? ማንንም አልፈልግ! ጉልበቴ ይበቃኛል።»

«አያ ጉንዳን፣ ልደመሰስ እኮ ነው።»

ጉንዳን አንገቱን ደፋ። «ያለ እሜቴ ቁራ ምን እንደምቆጥር አላውቅም። ድሮም ስሙን የሚያንሾካሹኩልኝ እሳቸው ናቸው።»

«እንዴት ተደርጎ! እሜቴን የምጠራቸው መጨረሻ ላይ አይደል?»

«ትጠራኛለህ እንጂ መቼ ወጥቼ አውቃለሁ?» ብላ ሳቀች ቁራ። «ከጥንት ጀምሮ የማድረው እዚያው አዳራሹ ጣሪያ ሥር ነው። ስትጠራኝ ውስጥ ሆኜ አቤት እላለሁ። ዛሬ ገና ተጠርጌ ወጣሁ።»

«እርስዎስ ማን ከሌለ ይወድቃሉ?»

«እኔ? ማንም ባይኖር እጮሃለሁ!»

ኤሊ አዳራሹን ባዶ አድርጎ ጮኸ። «ቁራ ግቢ! ጉንዳን ግባ! ጉሬዛ ግባ!» ስም ወጣ፤ ተቆጠረ፤ ታየ። ወፍጮ ቤት «እማማ ደብሪቱ፣ ተራዎ ነው!» ተባለና አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ተነሡ። ያምሮት አላመነችም፤ አጥፍታ አበራች። ፕሮግራሙ ሳይወድቅ ቆመ። ደግማ አጥፍታ አበራች። ቆመ። «በል ኑርልኝ» አለችው።

ኤሊ በኩራት ተነፋ። «አያችሁ? ሁላችሁም የሚደግፋችሁ ትፈልጋላችሁ። እኔ አጋፋሪው ብቻ…»

«ለመሆኑ» አለች ቁራ፣ «አንተስ በር ላይ የቆምከው ማን ጠርቶህ ነው?»

ኤሊ ወደ ልብሱ ገባ። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፦ «ያምሮት… ያምሮት ካልጠራችኝማ የለሁም።»

የተደገፈበትን የደበቀ፣ የወደቀበትን አያውቅም።