«ራሱስ?» የሚባልበት ገበያ

ስሜን ውስጥ፣ ጅብራ በር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሥጋ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ራሱስ?» ይላል። ባለሥጋውም ቢላዋውን አስቀምጦ የታረደውን ከብት ራስ ከነቀንዱ ያሳየዋል፤ ገዢው አይቶ «እሺ» ሳይል ሚዛን አይነካም። እንግዳ ሰው ነገሩ ግራ ገብቶት ይስቃል፤ የአገሩ ሰው ግን አይስቅም።

እንደሚነገረው፣ የልማዱ መነሻ ቢያድግልኝ የሚባል አዳኝ ነው። በዘመኑ የከብት በሽታ ገብቶ በሬውንም ፍየሉንም ከፈጀው በኋላ ልጁ እናኑ ወለደች፤ ለአራስ የሚሆን ቁራጭ ሥጋ ግን ከመንደሩ ጠፋ። ቢያድግልኝ ከከተማዋ በላይ ወዳለው ገደል ወጥቶ፣ ዋልያዎች ጨዋማ አፈር ሊልሱ በሚወርዱበት መተላለፊያ ላይ የገመድ ወጥመድ ዘረጋ፤ ያረጀ አውራ ዋልያ ተያዘለትና በስመ አብ ብሎ አርዶ ልጁን አበላት። እስከዚህ ድረስ ማንም አይወቅሰውም፤ አራስ ልጁ ተርባበት ዝም የሚል አባት የለም።

የተረፈውን ግን የፍየል ነው ብሎ ገበያ አወጣው፤ ገና ሳይዘረጋው አለቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜም አመጣ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ቀንዱ እንዳያሳብቅበት ራስ ራሱን እየቆረጠ ዋሻ ውስጥ ይደብቅ ነበር። እናኑ ከአራስነቷ ከተነሣች በኋላ «አባዬ፣ አሁንስ አይበቃም?» ብትለው፣ «ይቺን ብቻ» ይላታል። ገደሉ ላይ ዋልያው እየሳሳ መሄዱን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሆኖም ገበያው በደረሰ ቁጥር እጁ ወደ ገመዱ ይሄዳል።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ወጥመዱ የያዘለት እንስት ዋልያ ነበር። ቆዳዋን ሲገፍ ከግቷ ወተት ፈሰሰ። ደነገጠ፤ ግን አንዴ ሆኗል ብሎ ሥጋውን በቆዳዋ ጠቅልሎ ተሸክሞ ወረደ። ግልገሏ የእናቷን ሽታ ተከትላ መውረዷን ያወቀው ገበያው መሀል ሸክሙን ፈትቶ መሸጥ ሲጀምር ነው። በሰው እግር መካከል አልፋ መጣች፤ አፏን ቆዳው ውስጥ ከትታም የምትጠባውን ፈለገች።

የገዛው ሰው በእጁ የያዘውን ሥጋ መሬት ላይ አኖረ፤ አንዳንዱም ድንጋይ አነሣ። ይህን ጊዜ አትጠገብ የሚባሉ ጨው ሻጭ ባልቴት መሀል ገቡ ይባላል።

«ድንጋዩን ጣሉት» አሉ። «ፍየላችን ካለቀ ስንት ጊዜው ነው? የማን ፍየል ነው ብሎ የጠየቀ አለ? እኔም በልቻለሁ። አውቄ ነው የበላሁት።»

ቢያድግልኝ የደበቃቸውን ራሶች ከዋሻው እየተመላለሰ አምጥቶ ገበያው ላይ ደረደራቸው፤ ሰዉም እየዞረ አያቸው። በዚያው ቀን ሽማግሌዎች ራሱ ያልታየ ሥጋ እንዳይሸጥ፣ ከሻጩም ይልቅ ሳይጠይቅ የገዛው እንዲወገዝ ቆረጡ።

ግልገሏን ቢያድግልኝ አቅፎ ወደ ገደሉ መለሳት፤ የሚቀበላት መንጋ ግን አጣ። ይዟት ተመለሰና እናኑ ከገዛ ጡቷ እያለበች አሳደገቻት ይባላል። ካደገች በኋላ ብቻዋን ወደ ገደሉ ወጣች። አፋፉ ላይ ቆማ ስትጣራ እስከ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር፤ ቢያድግልኝም እስኪሞት ድረስ መልስ ይመጣ እንደሆነ ደጁ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

ዛሬም በጅብራ በር ሥጋ ቤቶች ደጃፍ ላይ ራስ ተሰቅሎ ይታያል። ገዢው «ራሱስ?» ብሎ ካየ በኋላ፣ ሳይታወቀው ቀና ብሎ ከከተማዋ በላይ ያለውን ገደል ይመለከታል። እዚያ የሚታይ ነገር የለም።