የጎረቤት ቀፎ

በድሮ ዘመን፣ ሰው ከአውሬ ይልቅ የጎረቤቱን ዓይን በሚፈራበት ጊዜ፣ አያልነህ የሚባል ገበሬ ነበር። ክፉ አልነበረም። ቀናተኛ ግን ነበር።

ሚስቱ በወሊድ ሞታበት አንዲት ልጁን፣ አንጓችን፣ ብቻውን ያሳድጋል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ጓንጉል የሚባል ሽማግሌ ይኖራል። ሁለቱም ንብ ለመያዝ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ንቡ መጣ፤ የአያልነህን ቀፎ አልፎ ከጓንጉል ቀፎ ገባ። በሁለተኛው ዓመት መጣ፤ አልፎ ከጓንጉል ቀፎ ገባ። በሦስተኛው ዓመት አያልነህ ከዛፉ ሥር ቆሞ «እባክህ ግባልኝ» ብሎ ለመነ። ንብ ልመና ይሰማል እንዴ፣ ልጆች? አልፎ ሄደ።

«አያ ጓንጉል፣ ምን አድርገህበት ነው?»

«በወይራ ጢስ አጥነዋለሁ። አንተ እኮ ሰቅለህ ትተኛለህ! ና፣ ላሳይህ።»

አያልነህ አልሄደም። «የደበቀኝ ነገር አለ» አለ በልቡ።

ጓንጉል ማር በቆረጠ ቁጥር ለአንጓች በቅል ይልክላታል። ልጅቷ ጣቷን እየላሰች «አያ ጓንጉል ደግ ነው» ትላለች። አባቷ ይህን ሲሰማ በቅናት ይቃጠላል። የሚበላው ማርም ይመረዋል።

አንድ ቀን የጓንጉልን ሰባት ቀፎ ሊያወራ ከመንደሩ ጭቃ ሹም ዘንድ ሄደ። ጭቃ ሹሙ አፉ ጣፋጭ፣ እጁ ረጅም ሰው ነበር።

«ሰባት ቀፎ? ለአንድ ሽማግሌ አይበዛም?» አለ ሹሙ።

«ይበዛል እንጂ፣ ጌታዬ!»

«እኔ ብነጥቀው አገር ይጮህብኛል። አገሩ ራሱ ቢያባርረው ግን... አንተ እስቲ ታመም።»

በዚያ አገር ወግ ነበረ። ሰው ሲታመም ቡዳ በልቶት ነው ይባላል። በነጭ ሽንኩርት ጢስ ይታጠናል፤ «ማን በላህ?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። በጢሱ ውስጥ መጀመሪያ የጠራው ስም፣ የበላው ሰው ስም ነው። የተጠራው መጥቶ እንትፍ ይልበታል፤ ከዚያ ይባረራል።

አያልነህ ተኛ። አቃሰተ። አገር ተሰበሰበ፤ ጢሱ ጨሰ።

«ማን በላህ?» ዓይኑን ጨፈነ።

«ማን በላህ?» ጥርሱን አፋጨ።

«ማን በላህ?»

«ጓንጉል! ጓንጉል በላኝ!»

ሽማግሌውን እየጎተቱ አመጡት። እንትፍ አለ። አያልነህም ብድግ!

«እስቲ ዓይን ዓይኔን እየኝ፣ ጎረቤቴ» አለው ጓንጉል። አያልነህ መሬት መሬቱን አየ።

ጓንጉል ወንዝ ማዶ ተባረረ። ሹሙ መሬቱንና አራቱን ቀፎ ወሰደ፤ አያልነህ ሦስቱን።

ሹሙ ቀመሰ። የቀመሰ ሹም ደግሞ አይጠግብም። ከርሞ አንድ ሸማኔ ቡዳ ተባለ። ቀጥሎ የሰባ በሬ የነበራት መበለት። በየጊዜው አንድ የሚቀና ጎረቤት ይታመማል፤ በየጊዜው ሹሙ ይካፈላል። አያልነህም ሰዎች የእሱን ቀፎ ሲያዩ አየ። ያን አስተያየት ያውቀዋል። የራሱ ነበር።

ከዚያ አንጓች ታመመች። የእሷ የእውነት ነበር። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ጋለ።

«ወባ ነው፤ ተዉልኝ! ውኃ ላጠጣት» አለ አያልነህ።

ሹሙ አገሩን አስከትሎ ገባ። «ላንተ ሲሆን ጢስ፣ ለልጅህ ሲሆን ውኃ? ያዙት!»

ሁለት ጎረምሶች ያዙት። ጢሱ ጨሰ።

«ማን በላሽ?» ልጅቷ ሳለች።

«ማን በላሽ?» አለቀሰች።

«ማን በላሽ?»

ትንፋሽ አጠራት። ባለቀሰች ቁጥር ወደሚያነሣት ሰው እጇን ዘረጋች።

«አባዬ!» አለች። «አባዬ! አባዬ!»

ሰው ሁሉ ወደ አያልነህ ዞረ። ሹሙ ልጅቷን አላየም፤ በበሩ በኩል ቀፎዎቹን አየ።

«እየጠራችኝ ነው!» ብሎ ጮኸ አያልነህ። «ልጅ ሲጨንቀው አባቱን አይጠራም?»

«ወጉን ታውቀዋለህ» አለ ሹሙ።

«ወጉ ውሸት ነው! ጓንጉል አልበላኝም! ዋሽቼ ነው፤ አንተም ታውቃለህ!»

«ወይ ጉድ! ሲያዝ ጊዜ አስታወሰ!» አለች አንዲት ሴት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እንትፍ በልባት!»

አንገቱን ይዘው አጎነበሱት። በገዛ ልጁ ፊት ላይ እንትፍ አለ። ልጅቷ ግን አልተነሣችም። ወባ በምራቅ አይድንማ።

በገመድ አስረው ወንዙን አሻገሩት። እስከ ወንዙ ዳር ድረስ ድምፅዋ ይከተለው ነበር። ከወንዙ ወዲያ ግን የውኃው ጩኸት ዋጠው።

በሦስተኛው ቀን አንጓች ሞተች። አባቷ አልቀበራትም። መርዶውን ከገበያ ሰምቶ የነገረው ጓንጉል ነው። ሽማግሌው አልወቀሰውም። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እስኪመሽ አብረው ተቀመጡ።

ሹሙስ? ትሉኛላችሁ። ሹሙ ሦስቱን ቀፎ ወሰደ። የቀጣውም የለም። ሁሉም የጎረቤቱን ደጅ ሲያይ፣ የሹሙን ደጅ የሚያይ ሰው ጠፋ።

ለዚህ ነው አባቶች ቅናት ለሹም የሚሰጥ ቢላ ነው የሚሉት። ሹሙ ማንን እንደሚያርድበት ሰጪው አይመርጥም።

በሉ፣ ተረቴ አልቋል። ስትሄዱ ጎረቤታችሁን በስሙ ጠርታችሁ፣ ዓይኑን እያያችሁ፣ ሰላም በሉት።