የሐሙሱ ቀጠሮ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ እንዳንተ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚፈልግ። አንተ «ያጠፋ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በአንድ ቀን ለምን አይነሳም? ምርመራ፣ መልስ፣ ድምፅ፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው?» ብለህ እንደጠየቅኸኝ፣ እሱም በአገሩ የውሃ አባት ላይ ይህንኑ ጠይቆ ነበር።

የውሃ አባት የመስኖውን ተራ የሚዳኝ ሰው ነው። ዘንጉን ይዞ ቦዩ ራስ ላይ ይቆማል፤ «ዛሬ ያንተ፣ ነገ የሷ» ካለ አለቀ፣ ከሱ ወዲያ ይግባኝ የለም። እሱን ለማንሳት ግን ደንብ ነበረ። ክሱ ፊት ለፊት ይነገረዋል፣ ሦስት የተመረጡ ሰዎች ይመረምራሉ፣ እሱም መልስ ይሰጣል፤ ከዚያ የላይኛውም የታችኛውም ቦይ ሰው ተሰብስቦ ድምፅ ይሰጥበታል።

በዚያ በጋ የነበሩት አዛውንት የውሃ አባት በእርግጥ አጠፉ። የገበሬውን ተራ ሁለቴ ለአማቻቸው ሰጡ። ገበሬው ከሰሰ፣ መርማሪዎቹም ጥፋቱን አገኙት፤ ለመልስና ለድምፅ ሐሙስን ቀጠሩ። ቀኑ እሑድ ነበር። ቤተሰቡ ዓመቱን የሚያድርበት ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ ሆኗል። እሱን እያየ አራት ቀን መጠበቅ አቃተው።

ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ሰው አስከትሎ ቦዩ ራስ ላይ ወጣ። ምላሱ ስል ነው።

«የአማችዎ ሽንኩርት ዋና ለመደ፤ የኛ በውሃ ጥም ሊሞት ነው» አላቸው። ሰው ሳቀ።

አዛውንቱ አልተቆጡም። «አጥፍቻለሁ፣ አልክድም። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ ዘንጉን ሐሙስ ውሰዱት።»

ገበሬው ዘንጉን ከእጃቸው ነጠቀ። ሰው አጨበጨበ። እዚያው በዚያው አንድ ቅን ሰው ሾሙ፤ ሽንኩርቱም ጠጣ።

በቀጣዩ በጋ የላይኛው ቦይ ባለጸጋ የገበሬውን ተራ ወሰደበት። ገበሬው ወደ አዲሱ የውሃ አባት ሄደ። ሰውዬው ዘንጉን ጉልበቱ መሃል አጣብቆ መሬት መሬት ያያል።

«ተራው ያንተ ነው» አለው።

«ታዲያ ፍረድልኛ፣ ወንድሜ።»

«ከፈረድኩልህ ባለጸጋው ሳይመሽ ያነሳኛል፤ የወገኑን ብዛት ታውቀዋለህ። ዘንግ እንዴት እንደሚነጠቅ ደግሞ አንተው አሳይተኸዋል።»

«ደንብ አለ እኮ። ምርመራ አለ፣ መልስ አለ...»

«ነበረ» አለው ሰውዬው።

በዚያ ዓመት ሽንኩርቱ ማሳው ላይ ደረቀ።

እንግዲህ አንተ ጠያቂዬ፣ የውሃ አባቱ ያ ያልከው ዳኛ ነው። ዘንጉ ወንበሩ ነው። የነጠቀው እጅ የኔና ያንተ ነው። ዳኛው አጥፍቶ ከሆነ ይነሳ፣ እኔ አላለቅስለትም። የማዝነው ከሱ በኋላ ለሚቀመጠው ነው፤ ነገ ጉልበተኛ ገፍቶህ ስትሄድበት አንተን ሳይሆን በሩን በሩን የሚያየው እሱ ነው። ጣጣ ያልከው ያን ሰው ከፍርሃት የሚጠብቅ አጥር ነበር።

ገበሬው እስኪሞት ድረስ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ቦዩ ራስ ላይ ብቻውን ይቀመጥ ነበር አሉ። አዛውንቱ በደንቡ ሊነሱ የቀራቸው አራት ቀን ነበር። ሽንኩርት ደግሞ ያለ ውሃ አራት ቀን ይችላል፤ ገበሬ ነውና፣ ያውቅ ነበር።