የፊተኛው ገመድ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ዘግይቶ የተራራው ምንጭ በደረቀበት ዓመት፣ አንዲት ባሏ የሞተባት አህያ ነበረች። ባሏ ዳለቻ ይባል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ባለፈው በጋ ዳገቱ ወገብ ላይ ተንበርክኮ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አህያዋ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች፤ ግን ሁሉንም የምታደርገው ሌላ አዝዟት ይመስል ነበር።

ተራራው አናት ላይ ውርንጭላዋ አለ። ጥጆችና ግልገሎችም አሉ። ሁሉም አፋቸው ደርቆ ውሃ ይጠብቃሉ። አንበሳ ይህን ሲያይ ጅብን አስጠርቶ፣ «ሦስት ጋሪ አለህ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከወንዙ ውሃ አምጣላቸው» አለው።

ጅብ በሁለቱ ጋሪዎች ላይ ውሃ የሞሉ በርሜሎች ጫነ። በሦስተኛው ላይ ግን የራሱን ሥጋ ከምሮ በቁርበት ሸፈነው። ከዚያም ጋሪዎቹን አንዱን ከሌላው ኋላ ቀጣጥሎ አህያዋን ከፊት አሰራት።

አህያዋ ማሰሪያዎቹን አየት አድርጋ፣ «አያ ጅቦ፣ አዲሱን ጠፍር እኮ ለመጨረሻው ጋሪ አሰሩት። ለኔ የሰጡኝ ይሄን አሮጌ ገመድ ነው» አለችው።

ገመዱን ታውቀዋለች። ዳለቻ የጎተተበት ነው፤ አንገቱ ያረፈበት ቦታ ሳስቶ ይታያል።

«ታዲያስ!» አለ ጅብ። «ሥጋዬ ያለው ከኋላ ነዋ! የፊተኛው ገመድ ዓይንሽ ሥር ነው። የኋለኛውን ማን ያይልኛል? ጋሪዬ ተቆርጦ ቢቀርስ?»

«የፊተኛው ከተበጠሰ የሚቀር ጋሪ የለም። ሁሉም ነው የሚሄደው።»

ጅብ ግራ ሲገባው ጥላ ሥር ወደተቀመጠችው ቀበሮ ዞረ። «ምንድን ነው የምትለው ይቺ?»

«ይተዋት አያ ጅቦ፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት» አለች ቀበሮ መዳፏን እየላሰች። «ሦስቱ ጋሪዎች እኩል አይደል የሚሄዱት? አንዱ አይቀድም፣ አንዱ አይዘገይ። እኩል ከሄዱ ማሰሪያዎቹም እኩል ነው የሚደክሙት።»

አህያዋ ይህን አባባል ታውቀዋለች፤ እሷም ራሷ አንድ ቀን ብላው ነበር። ያን ጊዜ ዳለቻ ከፊት ይጎትታል፣ እሷ የመጨረሻውን ጋሪ በደረቷ እየገፋች ትከተላለች። «እኩል እየተራመድን አንተን ብቻ ምን ያስለከልክሃል?» ብላ ቀለደችበት። እሱም ሳይቆጣ፣ «እያንዳንዱን ማሰሪያ፣ ከኋላህ ስንት ጋሪ አለ ብለሽ ጠይቂው» አላት። «የመጨረሻው አንድ ይልሻል። የመካከለኛው ሁለት። የኔው ሦስቱንም ይቆጥርልሻል።»

ይህንን ለጅብ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን ደከማት። ዳለቻ ከሞተ ወዲህ ለማንም ምንም ማስረዳት ይደክማታል። «እሺ» አለች።

«ሂዱ እንግዲህ፣ እኔ እዚህ ታች ሆኜ መንገዱን እጠብቃለሁ» አለች ቀበሮ።

ጋሪዎቹ ካለፉ በኋላ መንገዱ ምን ያስጠብቀዋል? አህያዋ ይህንንም ልትጠይቅ አሰበችና ተወችው። ቀበሮ ግን ነገሩን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። ገመዱ የት ላይ እንደሚበጠስ፣ ጋሪዎቹ ተንከባልለው ሥጋውን እግሯ ሥር እንደሚያመጡላት አስልታ ጨርሳለች።

ጅብ ሥጋው ላይ ተፈናጠጠ። አህያዋ ዳለቻ እንደሚያደርገው ቀስ ብላ ተደገፈች። መንጭቃ አልተነሣችም፤ ማሰሪያዎቹ አንድ በአንድ እስኪወጠሩ ጠበቀችና ዳገቱን ጀመረች።

«ቶሎ በይ! ምን ትጎተቻለሽ?» ይላል ጅብ ከኋላ።

«ብመነጭቀው ይበጠሳል፣ አያ ጅቦ።»

የዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ከገመዱ አንድ ዘለላ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ቦታውን አየችው። ዳለቻ የተንበረከከበት፣ ትንሽ ደልደል ያለ ስፍራ ነው። ቆመችና ገመዱን ከአንገቷ አውልቃ ከየጎማው ኋላ ድንጋይ እየገፋች ታኮ አደረገች።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ገመዱ እያለቀ ነው። ሦስተኛውን ጋሪ እንፍታው። ሁለቱን ይችላል።»

«ሥጋዬን? አብደሻል!»

«ካልሆነ ውሃውም ሥጋውም ገደል ይገባል። ልጄ ከላይ እየጠበቀኝ ነው።»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። «ያስቸገረሽ የሥጋው ክብደት ነው አይደል? ቆይ ላቃልልሽ!» አለና ቁርበቱን ገልጦ ይበላ ጀመር። አጥንቱን እንኳ አላስቀረም። ሲጨርስ አፉን ጠረገና እዚያው ተመቻችቶ ተቀመጠ። «በይ ሳቢ! ባዶ ነው!»

አህያዋ ገመዱን መልሳ አጥልቃ ተደገፈች። ሌላ ዘለላ ጧ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ሥጋው የት ሄደ?»

«ሆዴ ውስጥ ነዋ!»

«ሆድዎስ የት ነው?»

«ከኔ ጋር! የት ይሄዳል?»

«እርስዎስ?»

«ጋሪው ላይ! አታዪም እንዴ?»

አህያዋ ሳቅ አመለጣት። ዳለቻ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ይህንን ለሱ ብነግረው አለች በልቧ፤ ሳቋም እዚያው ደረቀ።

«ይውረዱና በእግርዎ ይምጡ» አለችው።

«በዚህ ሆድ?» አለ ጅብ። ቁርበቱን ላዩ ላይ ጎትቶ ያንኮራፋ ጀመር።

ከእንግዲህ ጠፍሩን የሚጠብቅ አልነበረም። አህያዋ የጅብን ጋሪ በታኮው ላይ እንደቆመ ተወችውና ጠፍሩን በጥርሷ ፈትታ ከፊት አሰረችው። አሮጌውን ገመድ አንገቷ ላይ አጠለቀች። የቀሩትን ሁለት ጋሪዎች ታኮ አነሣችና ቀስ ብላ ተደገፈች። ጠፍሩ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ቀበሮ መጠበቁ ሲሰለቻት ዳገቱን ወጣች። ብቻውን የቆመ ጋሪ፣ ላዩም ላይ ያበጠ ቁርበት አገኘች። «ጎሽ! ከነሽፋኑ ትተውልኛል!» አለች። ጎትታ እንደማትችለው ስታውቅ ታኮውን አወጣችው። ጋሪው ቁልቁል ነጎደ፣ እሷም እየሮጠች ተከተለችው። ከታች ኩይሳ ገጭቶ ሲገለበጥ፣ ዘላ አፏን ከቁርበቱ ሥር ሰደደችና ነከሰች።

«ማነው ጭኔን የሚበላው?» ብሎ ጅብ ጮኸ። ሆዱ ባይከብደው ኖሮ ያን ዕለት ቀበሮ የምትባል አትተርፍም ነበር።

አህያዋ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከላይ ደረሰች። ጥጆቹ ጠጡ፣ ግልገሎቹ ጠጡ፣ ውርንጭላውም ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ። ከዚያ መጥቶ አንገቷን አሸተተ።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የአባትህ ገመድ ነው።»

«ይከብዳል?»

አህያዋ የሳሳውን ቦታ አየችው። «ለሱ ይከብደው ነበር» አለች። «እኔ ከኋላ ስለነበርኩ አላየሁለትም።» ከነገመዱም ጋደም አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ እኩል የሚራመዱ ሁሉ እኩል እንደማይሸከሙና ከፊት ባለው ላይ ከኋላው ያለው ሁሉ እንደሚከብድ አውቀን፣ ጠንካራውን ማሰሪያ ጊዜ ሳያልፍ ለፊተኛው መስጠት እንዳለብን ነው።