በካርድ የቀናችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች፤ አስካለ እንበላት። ባሏ ከደሴ ወደ ካናዳ አስመጣት። የገባችበት ክፍለ ሀገር ግን አዲስ መጪን በመንግሥት ሕክምና ወዲያው አይቀበልም፤ ሦስት ወር ጠብቂ ይላል። እስከዚያ የፈለገ የግል የጤና ኢንሹራንስ ይገዛል፤ ያልፈለገ እንዳይታመም ይጸልያል። ትስቃላችሁ አይደል? ስንቶቻችሁ እንደዚያ ጸልያችኋል!

በዚያው ሰሞን ትርንጎ የምትባል የሰፈሯ ልጅም መጣች። የትርንጎ ባል ሚስቱ ከአውሮፕላን በወረደች ማግስት ኢንሹራንስ ገዛላት። የአስካለ ባል ግን "ሦስት ወር ምን አላት? ሳናውቃት ታልፋለች" አለ።

ወገኖቼ፣ ሰው በወርቅ ይቀናል። በቤት ይቀናል፣ በመኪና ይቀናል። በኢንሹራንስ ካርድ የቀና ሰው ታውቃላችሁ? አስካለ ቀናች! ትርንጎ ቦርሳዋን በከፈተች ቁጥር ያቺ ሰማያዊ ካርድ ብቅ ስትል የአስካለ አንጀት እርር ይላል። "ለሷ ባል ሚስቱ እንቁላል ናት፤ ለኔ ባል እኔ ድንጋይ ነኝ" ትላለች በልቧ። እንደ ትርንጎ የሚታሰብላት ሴት መሆን አማራት።

ትርንጎ የዋህ ናት። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ደወለችላት።

"አስኩ፣ ሳትዘገዪ ግዢ። ቆይቶ የገዛ ሰው ወዲያው አይሠራለትም አሉ። ከታመሙ በኋላማ ጭራሽ አይሆንም።"

ምክር ነበር። አስካለ ግን ምን ሰማች? ጉራ ሰማች! "ባሌ ይወደኛል" ስትላት ሰማች።

"እኛ ቤት ሳይታመሙ ለበሽታ አልጋ አይነጠፍም። ሟርትሽን እዚያው!" ብላ ስልኩን ዘጋችባት።

በዚህም አልበቃትም። በጸሎት ኅብረቱ ላይ፣ ትርንጎ በተቀመጠችበት፣ ብድግ ብላ "የኔ ኢንሹራንስ ጌታ ነው!" ስትል መሰከረች። ቤቱ በአሜን ተናጋ። ትርንጎም አሜን አለች። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ያ እምነት ነበር? ቅናትም እኮ ነጠላውን አጣፍቶ ሲመጣ እምነት ይመስላል።

በሁለተኛው ወር አስካለን በቀኝ ጎኗ በኩል ሆዷን ወጋት። ለባሏ አልነገረችም። ለምን? ሐኪም ቤት ከሄደች ትርንጎ ልክ ልትሆን ነዋ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷ ግን ከመዳን ይልቅ ትርንጎን መርታት ፈለገች። ሕመሙ ባሰ፣ ትኩሳት ጨመረ። ተጣጥፋ ተኝታ እንኳ "ይሄኔ እሷ ብትሆን ካርዷን መዝዛ እንደ ንግሥት ትገባ ነበር" ትላለች። አያችሁ ቅናትን? ሞት ደጇ ቆሞ፣ እሷ ከሰው ካርድ ጋር ትጣላለች።

እሑድ ከአምልኮ ቀረች። ባሏ ፋብሪካ ገብቶ ነበር። በሩን ያንኳኳችው ትርንጎ ናት።

"ምን ሆነሻል?"

"ጾም ይዤ ነው።"

"ጾም እንዲህ ያልባል? ተነሺ!"

"ኢንሹራንስ እንደሌለኝ እያወቅሽ! ልትስቂብኝ መጣሽ?"

ትርንጎ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያጠለቀችላት፣ "ኋላ ትጣዪኛለሽ። አሁን እጅሽን አንገቴ ላይ አድርጊ" አለቻት።

ትርፍ አንጀት ነበር፤ ሊፈነዳ ትንሽ ቀርቶታል። ለቀዶ ጥገና ሊያስገቧት ሲሉ ነርሷ "የቅርብ ሰውሽ ማን ነው? ማንን እንጥራ?" አለቻት። አስካለ እስከዚያች ሰዓት ጥርሷን ሳትነክስ ጠርታው የማታውቀውን ስም ጠራች። "ትርንጎ" አለች፤ አለቀሰችም።

ዳነች። ሂሳቡንማ አታንሱብኝ።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። አስካለ አላወቀችም ነበር? አውቃለች። በጊዜ ተነግሯታል፣ በራሷ ቋንቋ፣ በሰፈሯ ልጅ ተነግሯታል። ግን የነገረቻት የቀናችባት ሴት ሆነችና አልሰማችም። ቅናት ጆሮ ይደፍናል።

እናንተስ? ስለ ልጃችሁ የነገራችሁ ሰው የለም? ስለ ትዳራችሁ፣ ስለ መጠጣችሁ፣ ስለዚያ ስለምትደብቁት ሕመም? እውነቱን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግን ቤቱ ከናንተ ቤት ይሰፋል፤ ልጆቹ ተምረውለታል። ስለዚህ "እሱ ብሎ መካሪ!" አላችሁ። እግዚአብሔር ምክሩን በሌላ አፍ ቢልክላችሁ ደስ ባላችሁ። የላከው ግን በዚያ ሰውዬ አፍ ነው። ምን ታደርጉታላችሁ?

ዛሬ ከቡራኬ በኋላ ወደ መኪናችሁ አትሩጡ። ያ ሰው ምናልባት ሁለት ወንበር ከኋላችሁ ተቀምጧል። ሰላም ካላችሁት ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ዘወር በሉና እጁን ያዙት። "ያን ቀን ያልከኝን እስቲ ድገምልኝ፤ ዛሬ እሰማሃለሁ" በሉት።