የባሻ ድንቁ የአበባ መደብ

በእኛ አገር፣ ሰው ለማስደሰት ተጣድፎ ጥፋት ያስከተለ እንደሆነ የሚነገር አንድ አባባል አለ። ተናጋሪው ብዙ ነው፤ ዶሮና አበባ የት እንደተገናኙ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ባሻ ድንቁ ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ከልጃቸው ከስንዱ ቀጥሎ የሚሳሱት ለአበቦቻቸው ነበር። አስናቀ የሚባል ወጣት ገበሬ ስንዱን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክባቸው እሺም እምቢም አላሉም። ሽማግሌዎቹን ለእሑድ ቀጠሩና አስናቀን አስጠሩት።

“እኔ ለቅሶ ልሄድ ነው፤ እሑድ እመለሳለሁ። የጥር ፀሐይ አፈሩን ያደርቀዋል። መደቡን ጉዝጓዝ አልብስልኝ፤ በምን እንደምታለብሰው አንተ ምረጥ። እስቲ እጅህን ልየው።”

አስናቀ መደቡን ዞሮ ዞሮ አየው። አፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ችግኞቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በሽ ነበር፤ ነገር ግን ከባሕር ዛፍ ሥር ሣር እንኳ አይበቅልም። ሰጋቱራም አሰበ፤ እሱን ነፋስ ይወስደዋል። እንዲህ ሲያመነታ ቅዳሜ ደረሰ።

“ከጓሮ የዓምናው ጭድ አለልህ፤ ዝናብ የመታው” አለችው ስንዱ፣ ከበሩ ሳትወጣ።

“ያ የሻገተው? ለአባትሽ አበባ?”

“አበባ ያማርጣል እንዴ?”

“አበባው ባያማርጥ አባትሽ ያማርጣሉ!”

ከራሱ አውድማ አዲስ የጤፍ ጭድ ተሸክሞ መጣ። ወርቅ ይመስላል። ለእንግዳ ቄጠማ እንደሚጎዘጎዝ፣ መደቡን ከዳር እስከ ዳር አለበሰው። ስንዱ አንድ እፍኝ አንስታ አሸችው።

“በደንብ አልተራገፈም። ፍሬ አለው።”

“ይኑረው! ቢበቅልም ጌጥ ነው” ብሎ ሳቀ።

እሑድ ጠዋት ባሻና ሽማግሌዎቹ ግቢው በር ላይ ተገናኙ። የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ቀድሟቸው ገብቷል። አውራው ይጣራል፣ እናቶቹ ይጭራሉ፤ ጭዱ ተበትኗል፣ የችግኞቹ ሥር ወደ ሰማይ ዞሯል። አስናቀ መጥረጊያ ይዞ “እሽ! እሽ!” እያለ ከጥግ ጥግ ይሮጣል።

“የዓምናውን አድርግ ብዬው ነበር!” አለች ስንዱ ሳታስበው፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ባሻ ወደ ሽማግሌዎቹ መሪ ወደ አለቃ ምትኩ ዞሩ። “‘ልጃችን እጁ ሥራ ያውቃል’ ብላችሁኝ አልነበረም?”

አለቃ ከእግራቸው ሥር የምትጭረውን ዶሮ በከዘራቸው አባረሩ።

“እንግዲህ መልሴ ለከርሞ ጥር ይሁን” አሉ ባሻ። “እስከዚያ ልጄ ስትናገር መስማት ይልመድ።”

የአስናቀ እናት ጠላ ቀድተው በቤታቸው ደጅ ይጠብቁ ነበር። የሽማግሌዎቹን ፊት ሲያዩ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ።

“ምነው አለቃ፣ ልጄ ምን አጠፋ?”

አለቃ ምትኩ ደፉ ላይ ቁጭ አሉና፣ እየሳቁም እያዘኑም መለሱ፦ “ለአበባ የጎዘጎዘ፣ ዶሮ ጋበዘ።”